ለየአየሩ ጠባይ የሚስማማ የአበባ ተክል
ከናይሮቢ ፓርክላንድስ ለተላከልን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ በሚባለው ሠፈር የሚኖሩ አንድ ወገናችን ስለ አበባ ተክል ጠይቀውናል። በሚኖሩበት ግቢ ቡገንቪሊያው በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ብዙውን የዓመቱን ክፍል ሲያብብ፣ ዚንያውም ብዙ ድካም ሳይጠይቅ መደቡን ሲያስጌጥ አይተው፣ በመስከረም ወር ለዕረፍት ወደ አገራቸው በመጡ ጊዜ ያንኑ ዐይነት ዘርና ችግኝ ከአዲስ አበባ ገበያ ገዝተው፣ በደብረ ብርሃን ለሚኖሩት እናታቸው ተከሉላቸው። እናቲቱም እየኰተኰቱና ውሃ እያጠጡ ተንከባከቡት። ኅዳር ከተጋመሰ በኋላ ግን አንድ ጠዋት ሲነሡ ዚንያው እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቍሮ፣ የቡገንቪሊያውም ለጋ ቅርንጫፍ ኰምትሮ ተገኘ። «እናቴ ‹እጄ አይባረክም› ብለው ከዚያ ወዲህ መደቡን ጦሙን አሳድረውታል፤ ጥፋቱ የማን ነው?» ሲሉ ጠያቂያችን ጽፈዋል።

ጥፋቱ የእናቲቱ እጅ አይደለም። ዘሩም የተበላሸ ላይሆን ይችላል። ጥፋቱ ለአንድ አገር አየር የተስማማው ተክል፣ ሌላው አገር ያለበት ከፍታ፣ የዝናቡ ወራት፣ የሌሊቱ ብርድና የዐፈሩ ጠባይ ሳይመረመር መተከሉ ነው። ይህም ስሕተት በአበባ ብቻ የሚታይ አይደለም፤ በስንዴም፣ በቡናም፣ በፍራፍሬም ላይ ይደርሳል። ልዩነቱ በአበባ መደብ ላይ ሲደርስ የሚጠፋው የጥቂት ብር ዘር መሆኑ ነው፤ በእርሻ ላይ ሲደርስ ግን የዓመት ቀለብ ይጠፋል። ስለዚህ የአበባ መደብ ለገበሬም ለከተማ ሰውም በትንሽ ኪሣራ ብዙ የሚማሩበት ቦታ ስለሆነ፣ ጥያቄውን ዘርዘር አድርገን ለመመለስ እንሞክራለን።

ፓርክላንድስ ለአበባ የተመቸበት ምክንያት

ናይሮቢ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ከ2 ዲግሪ ባነሰ ርቀት ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ካርታውን ብቻ የተመለከተ ሰው እጅግ ሞቃት አገር ትሆናለች ብሎ ይገምታል። ነገር ግን ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ያላት ስለሆነች፣ አየርዋ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ስሟም «ቀዝቃዛ ውሃ» የሚል ትርጉም ካለው የማሳይ ቃል የመጣ ነው። በእኛ አገር አከፋፈል ናይሮቢ ቆላ ሳትሆን ወይና ደጋ ናት ማለት ነው። የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ18 እስከ 19 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን፣ ቀዝቃዛ በሆነው በሐምሌ ወር ሌሊቱ ወደ 11 ወይም 12 ዲግሪ ይወርዳል። በፓርክላንድስ የአትክልት ቦታ ውርጭ አይታወቅም።

ዝናቡም በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። ረዥሙ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ዝናብ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ነው። ጠቅላላው ወደ 900 ወይም 1,000 ሚሊሜትር ይደርሳል። ከዝናብ እስከ ዝናብ ያለው ጊዜ አጭር ስለሆነ፣ ሥር የሰደደ ተክል ብዙ ሳይጠማ ይሻገራል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ደግሞ ሰማዩ በደመና የተሸፈነ፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ወቅት ነው። የፓርክላንድስ ዐፈር ከጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይና ጥልቅ ዐፈር ሆኖ፣ ውሃ በደኅና ያሠርጋል። ከከተማው በስተደቡብና በስተምሥራቅ ያለው ሜዳ ግን በክረምት የሚላቁጥ በበጋ የሚሰነጠቅ ጥቍር ዋልካ ስለሆነ፣ በአንድ ከተማ ውስጥ እንኳ የአንዱ ሠፈር አበባ ለሌላው አይስማማም።

በዚሁ ሠፈር ሲቲ ፓርክ የሚባለው የሕዝብ መናፈሻ ይገኛል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1920ዎቹ ለሕዝብ የተከፈተ ሲሆን፣ ወደ 60 ሄክታር ስፋት አለው፤ በውስጡም የጥንቱ የአገሩ ደን ቅሪት ከነጦጣዎቹ ይታያል። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የናይሮቢ መናፈሻዎች ኀላፊ የነበሩት ፒተር ግሪንስሚዝ፣ በከተማው ጎዳናዎች ዳርና መኻል ቡገንቪሊያና ጃካራንዳ በብዛት በማስተከላቸው ይታወቃሉ። ቡገንቪሊያና ጃካራንዳ ሁለቱም ከደቡብ አሜሪካ የመጡ ናቸው። ነገር ግን አየሩና ዐፈሩ ስለተስማማቸው፣ ዛሬ ናይሮቢን ያየ ሰው የአገሩ ተወላጆች ናቸው ብሎ ያስባል። እንግዲህ የጠያቂያችንን ዐይን የማረከው ውበት የተገኘው በዕድል ሳይሆን በተስማሚነት ነው።

የከፍታ ነገር

አየሩ ከፍ ባለ መጠን ይቀዘቅዛል። በግምት በየ100 ሜትሩ ከፍታ የሙቀቱ መጠን ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ ይበልጥ ይቀንሳል። ይህን አንድ ነገር የያዘ ሰው ብዙ ነገር በራሱ ማስላት ይችላል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ስለሆነች ከፓርክላንድስ በ1,100 ሜትር ያህል ትበልጣለች። ስለዚህ በአማካይ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ትቀዘቅዛለች። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር፣ ኮምቦልቻም እንዲሁ ወደ 1,850 ሜትር በመሆናቸው በከፍታ የናይሮቢ ጎረቤቶች ናቸው ማለት ይቻላል። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ዝቅ ስለምትል፣ አማካይ ሙቀቷ ወደ 25 ዲግሪ ይደርሳል። ከዚህ የተነሣ ለፓርክላንድስ የሚስማማውን አበባ በኢትዮጵያ መትከል የፈለገ ሰው፣ ከደብረ ብርሃን ይልቅ በባሕር ዳርና በኮምቦልቻ ቢጀምር ይቀናዋል።

አበባ ለውጭ ገበያ የሚያመርቱ እርሻዎችም በዚህ ሕግ ይሠራሉ። በሆለታ ደጋ የሚበቅለው ጽጌረዳ በዝግታ ስለሚያድግ ራሱ ትልቅ፣ ዘንጉም ረዥም ይሆናል። ዝቅ ባለው በባቱ (ዝዋይ) አካባቢ ግን ቶሎ ስለሚደርስ በዓመት ብዙ ዘንግ ይቈረጣል፤ ነገር ግን ራሱ ያንሳል። አንዱ ከአንዱ ይሻላል ማለት አይደለም። ሁሉም ለየአየሩ የተመረጠውን ዐይነት ይተክላል እንጂ፣ የሆለታውን ወስዶ በባቱ ያንኑ እንዲሰጠው አይጠብቅም።

የዝናብና የብርሃን ወራት

በከፍታ ከፓርክላንድስ ጋራ የሚተካከል ቦታ እንኳ በዝናቡ ወራት ይለያል። በናይሮቢ ሁለት የመትከያ ጊዜ አለ፤ አንዱ በመጋቢት፣ ሁለተኛው በጥቅምት መጀመሪያ ነው። በአማራ ክልልና በአዲስ አበባ ግን ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም አጥብቆ ይዘንብና፣ ከጥቅምት ጀምሮ ብዙ ወራት ደረቅ ሆኖ ይቈያል። የበልግ ዝናብ በመኻሉ ቢመጣም፣ በየቦታውና በየዓመቱ ይለያያል። በጥቅምት በናይሮቢ የተተከለ ችግኝ ዝናብ ይቀበለዋል፤ በጥቅምት በአዲስ አበባ የተተከለ ችግኝ ግን እስከ በልግ በሰው እጅ ውሃ መጠጣት አለበት። ውሃ በወረፋ በሚደርስበት ከተማ ይህ ቀላል ዕዳ አይደለም። ስለዚህ በእኛ አገር ቍጥቋጦና ዛፍ የሆኑትን አበባዎች በሰኔ መጨረሻ መትከል፣ ዓመታዊ አበባዎችን ደግሞ የዝናቡ ኀይል በሚበርድበት ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ማዛወር የተሻለ ነው።

በዚህ ረገድ ብዙ ሰው የሚያታልለው በዘር ፓኬት ላይ የታተመው ወር ነው። የአውሮፓ ፓኬት በሚያዝያ ዝሩ የሚለው በዚያ አገር ብርዱ አልፎ ጸደይ ስለሚገባ ነው። በእኛ ደጋ በሚያዝያ የተዘራው አበባ ማበብ በሚጀምርበት በሐምሌ ዶፍና በረዶ ይወርድበታል። የፓኬቱን ወር ትቶ ፓኬቱ የሚነግረውን ዕድሜ መያዝ ይገባል። ከዘሩ እስከ አበባው ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ አይቶ፣ አበባው የሚፈለግበትን ወር ከወሰኑ በኋላ ወደ ኋላ መቍጠር ነው።

የቀኑ ርዝመትም የራሱ ድርሻ አለው። በአውሮፓ በበጋ ቀኑ 16 ሰዓትና ከዚያም በላይ ሲሆን፣ በናይሮቢ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ፈቀቅ አይልም፤ በአዲስ አበባም የሚለየው በግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ረዥም ቀን ጠብቀው የሚያብቡ የአውሮፓ አበባዎች በእኛ ዘንድ ቅጠል ብቻ ሆነው ሊቀሩ ይችላሉ። ረዥም ሌሊት የሚወደው ፖይንሴቲያ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ቀልቶ የገናን በዓል ያደምቃል። ቱሊፕም ከማበቡ በፊት ከ9 ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ ለሦስት ወር ያህል መተኛት አለበት። በናይሮቢም ሆነ በኢትዮጵያ ደጋ ሌሊቱ ቢበርድ ቀኑ ስለሚሞቅ፣ ይህን ረዥም እንቅልፍ አያገኝም። በማቀዝቀዣ ቤት የቈየ የቱሊፕ ሥር አንድ ጊዜ ቢያብብም በየዓመቱ አይደግምም፤ ለዚህ ገንዘብ ማውጣት አይመከርም።

ዚንያውን የገደለው ውርጭ

አሁን ወደ እናቲቱ መደብ እንመለስ። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት በደጋው ሰማዩ ከደመና የጠራ፣ ነፋሱም የረጋ ይሆናል። ቀን ከፀሓይ ያገኘውን ሙቀት ምድር በሌሊት ወደ ሰማይ ትለቀዋለች። ደመና ቢኖር እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ሙቀቱን በያዘው ነበር። በጠራ ሌሊት ግን የሚያግደው ስለሌለ፣ በሣሩና በቅጠሉ ላይ ያለው እርጥበት ንጋት ላይ ይረጋል። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን የቅጠሉን ሥጋ ይሰነጥቀዋል። ፀሓይ ወጥታ ስታቀልጠውም ቅጠሉ ውሃውን መያዝ ተስኖት ይጠቍራል። ጠያቂያችን እንደ ተቀቀለ ጎመን ያሉት ይህንኑ ነው።

ዚንያ የሜክሲኮ ተክል ሲሆን ሙቀት የሚወድ፣ ውርጭን ፈጽሞ የማይችል ነው። ከዘሩ እስከ አበባው ሁለት ወር ያህል ይፈጃል። በመስከረም ሲዘራ ማበብ የሚጀምረው ውርጩ በሚበረታበት በኅዳር ነው። ይህን ጠላት የአገራችን ዐደይ አበባ እንዴት እንደምታመልጠው መመልከት ይበቃል። ዐደይ በክረምቱ ዝናብ በቅላ፣ በመስከረም አብባ፣ ብርዱ ሳይጠና ዘሯን አራግፋ ትደርቃለች። ውርጩ ሲመጣ የሚያገኘው በዐፈር ውስጥ የተኛውን ዘር ነው። እናቲቱ ግን ዐደይ ስታብብ ዚንያ መዝራት ጀመሩ፤ ማለትም የአገሩ አበባ ሥራዋን ስትጨርስ የእንግዳው አበባ ሥራ ተጀመረ።

በደጋ አገር ከውርጭ ጕዳት ለመዳን የሚከተሉትን ማድረግ ይጠቅማል። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ስለሚከብድ፣ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይፈስሳል፤ ስለዚህ የአበባውን መደብ በጉድጓዳማ ቦታ ወይም ከግንብ አጥር በላይ በኩል አየሩ በሚጠራቀምበት ማድረግ አይገባም። የድንጋይ ወይም የጭቃ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ስለሚመልስ፣ ብርድ የሚፈሩትን ተክሎች ከቤቱ ግድግዳ ጥግ ማድረግ ይረዳል። ውርጭ በሚያሠጋበት ምሽት በገለባ፣ በጆንያ ወይም በአሮጌ ነጠላ ሸፍኖ ጠዋት መግለጥ ያስፈልጋል። መደቡንም ረፋድ ላይ ማጠጣት ይሻላል፤ እርጥብ ዐፈር ከደረቅ ዐፈር ይልቅ የቀኑን ሙቀት ይይዛል።

ለየአየሩ የሚመረጡ አበባዎች

በደጋ፣ ማለትም ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ቀላል ውርጭ የሚችሉትን መምረጥ ይገባል። ፓንሲ፣ ካሌንዱላ፣ ዳያንተስ፣ አንቲራይነምና ስዊት ፒ የተባለው መልካም ሽታ ያለው የአተር ዘመድ በነሐሴ መጨረሻ ተዘርተው ከኅዳር ጀምሮ ያብባሉ። ጽጌረዳም ለደጋ እጅግ ተስማሚ ነው፤ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅለው ብቸኛው የጽጌረዳ ዘር፣ እሾሃሙ ቀጋችን፣ በእነዚሁ ተራሮች መብቀሉ ምስክር ነው። ዳሊያ ከሜክሲኮ ተራሮች የመጣ ሲሆን፣ ድንች መሰሉ ሥሩ በሚያዝያ ወይም በግንቦት ቢተከል ከነሐሴ ጀምሮ ያብባል። ውርጭ ሲመታው ላዩ ይጠቍራል፤ ሥሩ ግን በሕይወት ይቈያል። ያን ጊዜ ግንዱን ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል አስቀርቶ ቈርጦ፣ መደቡን በገለባ መሸፈን ወይም ሥሩን ቈፍሮ አውጥቶ በደረቅ ቦታ ማኖር ነው። ጄራኒየም በግድግዳ ጥግ ይኖራል። ዚንያ የግድ የሚፈለግ ከሆነ በየካቲት መጨረሻ በቤት ውስጥ በሣጥን ዘርቶ፣ በመጋቢት ማብቂያ ወደ መደብ ማዛወርና ከክረምቱ ዶፍ በፊት አበባውን ማየት ይቻላል።

በወይና ደጋ፣ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ባለው፣ ምርጫው ከሁሉ የሰፋ ነው። ፓርክላንድስም፣ ባሕር ዳርም፣ ኮምቦልቻም በዚህ ውስጥ ናቸው። ቡገንቪሊያ፣ ጃካራንዳ፣ ፖይንሴቲያ፣ ሂቢስከስ፣ ካና፣ ከደቡብ አፍሪካ የመጡት አጋፓንተስና ጀርቤራ፣ እንዲሁም ዚንያና ማሪጎልድ ሁሉ ይስማማቸዋል። ከእኛው አገር ወጥቶ በውጭ የአትክልት ቦታዎች ዝነኛ የሆነው፣ ነጭ ሆኖ መኻሉ ወይን ጠጅ የሆነው ሽታ ያለው የሐበሻ ግላዲዮለስም ሊረሳ አይገባም። በፓርክላንድስ ቀዝቃዛና ደመናማ በሆኑት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት፣ ለእኛ ደጋ የጠቀስናቸውን ፓንሲንና ስዊት ፒን ማብቀል ይቻላል።

ቡገንቪሊያ የወይና ደጋ ተክል ቢሆንም፣ በ2,300 ሜትር ገደማ ባለችው በአሥመራ በግንቡ ላይ ሲፈስስ ይታያል፤ ብዙ ፀሓይና የግንብ ሙቀት ከፍታውን ያካክሱለታል። በዚህ ተክል ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ሆኖ የሚታየው አበባው ሳይሆን በአበባው ዙሪያ ያለ ቅጠል ነው፤ እውነተኛው አበባ በመኻሉ ያለው ትንሹ ነጭ ነው። ይህም ቅጠል የሚደምቀው ተክሉ ለጥቂት ሳምንታት ሲጠማ ነው። ብዙ ውሃና ብዙ ፍግ የሚሰጠው ሰው አረንጓዴ ቅጠል ያገኛል እንጂ ቀለም አያይም።

በቆላ፣ ከ1,500 ሜትር በታች፣ እንደ ድሬዳዋ ባለው አየር፣ ቡገንቪሊያ፣ ፍራንጂፓኒ፣ ሂቢስከስ፣ ፖርቱላካና ከማዳጋስካር የመጣው ቪንካ ሙቀቱን ይችላሉ። የበረሃ ጽጌረዳ የሚሏት አዴኒየም ደግሞ በምሥራቅ አፍሪካ ደረቅ ቆላ በተፈጥሮ የምትበቅል፣ በወፍራም ግንዷ ውሃ የምታከማች ስለሆነች ጥቂት ውሃ ይበቃታል። ኦሌአንደርም ድርቅ የሚችል ውብ ቍጥቋጦ ነው፤ ነገር ግን ቅጠሉም፣ ግንዱም፣ አበባውም መርዝ ስለሆነ ሕፃናትና ከብት በሚደርሱበት መትከል አይገባም። አዴኒየምም ወተቷ መርዝ ነውና ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ዐፈሩን መመርመርና መትከል

ከመትከል በፊት ዐፈሩ ውሃ እንደሚያሠርግ መመርመር ይገባል። ክንድ ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቈፍሮ በውሃ መሙላት ነው። ውሃው በጥቂት ሰዓት ከሠረገ ዐፈሩ ደኅና ነው፤ አድሮ ቢገኝ ግን የአበባው ሥር ታፍኖ ይበሰብሳል። እንዲህ ባለው ዋልካ ዐፈር መደቡን ከመሬት አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ከፍ አድርጎ፣ ብስባሽና አሸዋ ቀላቅሎ፣ ዙሪያውን የውሃ መሄጃ ቦይ ማውጣት ያስፈልጋል። ፍግ የሚጨመረው በደንብ የበሰበሰው ነው፤ ትኵስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ የአረምም ዘር ያመጣል።

ደቃቅ ዘር በጥልቅ አይቀበርም፤ የዘሩን ውፍረት ሁለት እጥፍ ያህል ዐፈር ይበቃዋል። ችግኙ አራት ወይም ስድስት ቅጠል ሲያወጣ፣ በምሽት ወይም በደመናማ ቀን ማዛወር ነው። ቡገንቪሊያ፣ ጄራኒየምና ፖይንሴቲያ ከዘር ይልቅ ቅርንጫፍ ቈርጦ በመትከል ይበዛሉ። እርሳስ ያህል የወፈረ፣ ስንዝር ያህል ርዝመት ያለው ቍራጭ ከጕጥ በታች ተቈርጦ፣ ታችኞቹ ቅጠሎች ተነሥተውለት በአሸዋማ ዐፈር ጥላ ሥር ይተከላል። ጄራኒየም ግን ከመተከሉ በፊት ቍርጡ እስኪደርቅ አንድ ቀን ቢያድር አይበሰብስም።

በፓርክላንድስ ግቢ ያላቸው የጥንት ቤቶች እየፈረሱ ፎቆች ስለተተኩባቸው፣ ብዙ ሰው አበባውን በሰገነት ላይ በማሰሮ ይተክላል። ማሰሮው ከታች ቀዳዳ ያለው መሆን አለበት። ናይሮቢ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች፣ ፀሓይ ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ እስከ መስከረም በሰሜን በኩል፣ በቀሩት ወራት በደቡብ በኩል ታዘነብላለች። ስለዚህ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰገነት በቀዝቃዛው ወራት ፀሓይ ሲያገኝ፣ በጥርና በየካቲት ሙቀት ጥላ ይሆናል። በአዲስ አበባ ግን ፀሓይ አብዛኛውን ዓመት በደቡብ በኩል ስለምትሄድ የደቡቡ ሰገነት ይሻላል።

አየሩ ከመጠን በላይ የተስማማው እንግዳ

እስከ አሁን የተናገርነው አየሩ ስላልተስማማው ስለሚሞት አበባ ነው። ከዚህ የከፋው ግን አየሩ እጅግ ተስማምቶት፣ የአገሩ ነፍሳትና በሽታ ሳይነኩት ያለ ልክ የሚሠለጥነው ነው። የወፍ ቆሎ የምንለው ላንታና ከአሜሪካ ለአጥርና ለጌጥ የመጣ አበባ ነበረ። ወፎች ፍሬውን እየበሉ ዘሩን ስለበተኑት፣ ዛሬ በምሥራቅ አፍሪካ የግጦሽ መሬት ወርሯል፤ ቅጠሉም የበሉትን ከብቶች ያሳምማል።

እምቦጭም ከደቡብ አሜሪካ ስለ ወይን ጠጅ አበባው ውበት በዓለም የተሠራጨ የኵሬ ጌጥ ነበረ። በቪክቶሪያ ሐይቅ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1990 ገደማ መታየቱ ታወቀ፤ በጣና ሐይቅ መኖሩ ደግሞ በ2011 ታወቀ። ከዚያ ወዲህ የጣና ዳርቻ ገበሬዎች በዘመቻ ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት፣ ዓሣ አስጋሪዎችም ታንኳቸው መንገድ ሲያጣ አገር ሁሉ አይቷል። አንድ ሰው ለኵሬው ጌጥ የወደደው አበባ የብዙ ሺህ ሰው እንጀራ ላይ መጣ።

ስለዚህ ከናይሮቢም ሆነ ከሌላ አገር ዘር፣ ሥር ወይም ቍራጭ በሻንጣ ይዞ መግባት አይገባም። ተክል ድንበር የሚሻገረው ከሚነሣበት አገር የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ሲኖረውና በሚገባበት አገር የኳራንቲን ባለሥልጣን ሲመረመር ነው። በሥሩ ላይ ያለች ጭብጥ ዐፈር እንኳ የማናውቀውን በሽታና ትል ልታስገባ ትችላለች። ጠያቂያችን ተክሉን ከአዲስ አበባ ገበያ መግዛታቸው በዚህ ረገድ የሚመሰገን ነው።

ለጠያቂያችንና ለእናታቸው

ለእናትዎ የምንመክረው ይህ ነው። ቡገንቪሊያው ከሥሩ ሕይወት ካለው አይንቀሉት። የደረቀውን ቅርንጫፍ በየካቲት ውርጩ ሲያልፍ ገርዘው፣ ከተቻለም ፀሓይ ወደሚመታው ግድግዳ አዛውረው ይሞክሩት፤ እንደ ፓርክላንድሱ እንዲያብብ ግን አይጠብቁት። በሚያዝያ ሁለት ወይም ሦስት የዳሊያ ሥር፣ በነሐሴ መጨረሻ የፓንሲና የካሌንዱላ ዘር ይትከሉላቸው። በመደቡ ዳር አንድ ጽጌረዳ ይጨምሩ። ከዚህም ጋራ አንድ ደብተር ሰጥተው፣ ዘር የተዘራበትን፣ አበባ የታየበትንና የመጀመሪያው ውርጭ የወረደበትን ቀን በየዓመቱ ያስጽፉ። ሁለትና ሦስት ዓመት የተጻፈበት እንዲህ ያለ ደብተር ለዚያ ግቢ ከማናቸውም የውጭ መጽሐፍ የበለጠ መሪ ይሆናል።

የቸኰለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ዘር ከመግዛት በፊት የቦታውን ከፍታ፣ የዝናቡን ወራት፣ የውርጩን ጊዜና የዐፈሩን ጠባይ የጠየቀ ሰው ሁለተኛ ዘር መግዛት አያስፈልገውም። እናትዎም እጃቸው እንደሚባረክ የሚያዩት የተስማማው ዘር በተስማማው ወር ሲገባ ነውና፣ መደቡ ጦሙን እንዳያድር በሚቀጥለው ነሐሴ ይጀምሩ።